ቅንቅን ዶሮዎቼን ፈጀብኝ፤ አመዱ ለምን አልሠራም?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዶሮ ወዳጆች። ከለገጣፎ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ 14 ዶሮ አለ፦ ዘጠኝ ቡናማ ቦቫንስ (የፈረንጅ ዝርያ እንቁላል ጣይ)፣ አራት የሐበሻ ሴት፣ አንድ የሐበሻ አውራ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከቦቫንሶቹ ብቻ በቀን 8 እንቁላል አነሣ ነበር፤ አሁን 4 ከተገኘ ደስታ ነው። ከጅራታቸው ሥር ያለው ላባ ጠቁሮ፣ ቅባት እንደ ፈሰሰበት ተጣብቋል። እንቁላል ላነሣ እጄን ስሰድ እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ያለ ነገር ክንዴ ላይ ይሮጣል፤ ከተኛሁ በኋላ እንኳ የሚሄድብኝ ይመስለኛል። ሦስት ጊዜ የምድጃ አመድ ነሰነስኩባቸው። ሁለት ሦስት ቀን ይተዋቸውና ይመለሳል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ምን ላድርግላቸው? እንቁላሉንስ ልጆቼን ላብላ?

ይህን በዶሮ ወዳጆች ገጽ ላይ የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 38 መልስ ተከማቸ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ባጭሩ ንገሪን እያሉ በውስጥ መስመር ስላጣደፉኝ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እንደ ገባኝ እተርካለሁ። ማሳጠሩን ግን አልችልበትም፤ የተባለው ብዙ ነው፣ ግማሹም ጠብ ነው።

1ኛውን የጻፉት የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ገጽ ወሰደ፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠየቁ። ቁም ነገራቸው አመዱ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ አነሳሰኔ ላይ ነው የሚል ነበር። እናታቸው ዶሮ ላይ አመድ በትነው አያውቁም፤ ዶሮዋ የምትንከባለልበትን ቦታ ነበር የሚያዘጋጁላት። ደረቅ ደቃቅ አፈርና የተነፋ አመድ ይቀላቀላል፣ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ይቀመጣል፣ የቀረውን ዶሮዋ ራሷ ታውቅበታለች። 2ኛዋ፣ ከአያት ሰፈር የጻፈች እህት፣ በዚህ ተስማማችና አሮጌ የመኪና ጎማ አጋድሞ ውስጡን መሙላት እንደሚቀል ጨመረች። አመዱ ግን የእንጨት ብቻ ይሁን፣ ፕላስቲክ የነደደበት አይሁን አለች። የእኔ ምድጃ ውስጥ ፌስታልም ይገባል፣ አልደብቅም።

ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ሰንሰለት፣ መንገድ የያዘው 3ኛው ላይ ነው። ቢሾፍቱ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ያየሁት በቀን ነው ወይስ በማታ? ዶሮዋ ላይ ነው ወይስ ቆጡ ላይ? ቅንቅን የምንለው አንድ ፍጥረት ሳይሆን ቢያንስ ሦስት መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዕድሜውን ሙሉ ዶሮዋ ላይ የሚኖር ነው። ደም ይመጥጣል፣ ከሁሉ ይልቅ ከጅራት ሥር ያለውን ቦታ ይወዳል፣ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመዋለድ እስኪደርስ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ዛሬ አሥር የነበረው ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይቆጠርም። ላባውን የሚያጠቁረው ኩሱ፣ የጣለው ቆዳና የደረቀ ደም ነው። ሁለተኛው ቀን ቀን እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሲጨልም ወጥቶ የተኛችውን ዶሮ ደም ይመጥጣል። ሲርበው ግራጫ ነው፣ ሲጠግብ ይቀላል። ሦስተኛው ቅንቅን ሳይሆን ቅማል ነው። ላባና የቆዳ ቅርፊት ያላምጣል፣ መልኩ ወደ ገለባ ያደላል፣ ላባውን ገለጥ ሲያደርጉት በጣም ይሮጣል፣ ቅጫሙንም ላባው ሥር አስጠግቶ ይቆልላል። እግር መቁጠር የሚችል ዓይን ያለው ቢኖር ቅማል 6፣ ያደገ ቅንቅን ደግሞ 8 አለው።

ምርመራውም ቀላል ነበር። ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ከወጡ በኋላ በስልክ መብራት መግባት፣ ነጭ ሶፍት ይዞ የቆጡን ሆድ ከዳር እስከ ዳር መጥረግ። ሶፍቱ ላይ የደም ጭረት ከታየ ጠላት እንጨቱ ውስጥ ነው። ንጹሕ ከሆነ አንዷን ዶሮ አንሥቶ ጅራቷ ሥር ያለውን ላባ መክፈል ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ኦርኒቶኒሰስ ሲልቪያረም፣ ሁለተኛውን ደርማኒሰስ ጋሊኔ ብለው ጽፈው ነበር። እኔ የላባው እና የቆጡ እያልኩ እቀጥላለሁ።

4ኛው የሰበታ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ሐተታ ለምን አስፈለገ ባይ ነው። ለከብቶቹ መዥገር ከሚገዛው ዲያዚኖን አንድ ክዳን በባልዲ ውሃ አዋህዶ፣ ዶሮዋን እግሯን ይዞ ነክሮ ማውጣት፣ አለቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጓል፣ አንድም አልሞተችበት። አምስት ሰው ወዲያው ወደደለት። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዲያዚኖን የት ነው የሚሸጠው ብዬ ልጠይቅ ጣቴ ፊደሉ ላይ ደርሶ ነበር።

5ኛዋ አዳነችኝ። የቡራዩ እህት ናት፤ ቁጣዋ ከስልኬ ወጥቶ ፊቴን የገረፈኝ ያህል ነው የተሰማኝ። እሷም እንደዚሁ ጎረቤት መክሯት በአንድ ቀን 22 ዶሮ ቀብራለች። ጠዋት የነከረቻቸው እኩለ ቀን ላይ ለሃጫቸው እየተዝረበረበ፣ እግራቸው እየከዳቸው፣ አንገታቸውን እየጠመዘዙ ወደቁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለውን ተረት ጠቀሰችና፣ በእሷ ቤት ግን የሰማችው እሷ ሆና የሞቱት ዶሮዎቹ መሆናቸውን ጻፈች። 6ኛው ላይ የሰበታው ሰው ተመለሰ። መጠኑን ሳታውቅ ማን ንከሪ አላት አለ፤ ነገሩን በልጅነቷና በከተሜነቷ አሳበበ። ይሁን እንጂ እዚያው መልሱ ውስጥ የሚለካበት ክዳን ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው እንደሚለያይ ሳያስበው ተናገረ። ማንም ነቅሶ አላወጣበትም፤ እኔ ግን አንብቤዋለሁ።

7ኛው የሐኪሙ ነው፤ ሳይቆጡ መለሱ። ዲያዚኖን ነርቭ የሚያውክ መርዝ ነው፣ ወፍ የሆነ ሁሉ ደግሞ ከከብት ይልቅ እጅግ ይጎዳበታል። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎልፍ ሜዳ ሣር ላይ እየተረጨ ዝይና ዳክዬ ስለፈጀ እዚያ ቦታ ላይ መጠቀም ተከልክሏል። ሣሩን የጋጠ ዝይ ከሞተ በባልዲ የተነከረች ዶሮ ምን እንደምትሆን መገመት አይከብድም አሉ። የሰበታው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ በኋላ ግን ስለ ሌላ ነገር መጣ።

8ኛው የራሴ ነው። ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ ስልኩን አብርቶልኝ ዶሮ ቤት ገባን። ቆጡን ከሥሩ ጠረግሁት፤ አቧራና ኩስ እንጂ ደም የለም። ከዚያ አንዷን ቦቫንስ አንሥቼ ጭኔ ላይ ገለበጥኳትና ላባውን ከፈልኩት። ቆዳዋ ቆስሎ ቅርፊት አውጥቷል፣ በቅርፊቱ ዙሪያ ያ ቁንዶ በርበሬ ይርመሰመሳል። ልጄ ስልኩን ጥሎ ሮጠ። ብቻዬን ቀጠልኩ። ዘጠኙም ቦቫንስ አንድ ዓይነት ናቸው። አራቱ የሐበሻ ሴቶች ግን፣ አንድ ቆጥ ላይ አብረው እያደሩ፣ ፈልጌ ፈልጌ ከሁለቱ ላይ ጥቂት ብቻ ነው ያገኘሁት። አውራው ከሁሉም ብሶ ነበር፤ ጅራቱ ሥር ያለው ላባ እንደ ሬንጅ ደርቋል። ይህንን ሁሉ ጻፍኩና የሐበሻዎቹ ለምን ዳኑ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ የመጣው ስድስት መልስ ዘግይቶ ነው።

በመካከሉ 9ኛው፣ የገላን ወጣት፣ የራሱን ታሪክ አመጣ። እሱን የገጠመው የቆጡ ነበር። ዶሮዎቹ ማታ ማታ ቤት አንገባም ብለው አጥር ላይ ማደር ጀመሩ፤ እሱ ሸለመጥማጥ ያስፈራቸው መስሎት በሩን እየዘጋ በግድ ያስገባቸዋል። አንዲት የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች፤ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ደሟ አልቆ ነው። ቆጡ ልጡ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ አጣና ነበር። ልጡን በቢላ ሲያነሣው ከሥሩ ያለው ነገር ቀይ ሆኖ እንደ ፈሳሽ ወረደ። አጣናውን አቃጠለ፣ የግድግዳውን መጋጠሚያ ሁሉ የፈላ ውሃ እየደፋ ኖራ ቀባው፣ ቤቱን ሁለት ወር ባዶ አቆየው። ሁለት ወር ካለፈ በረሃብ ያልቃሉ ብሎ አዲስ ዶሮ አገባ፤ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገሩት የቆጡ ቅንቅን ሳይበላ 8 ወር ያህል ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻ የተሳካለት ቆጡን ከግድግዳው አላቅቆ በእግሩ ሲያቆመው ነው። የተላገ ጣውላ፣ አራት እግር፣ እያንዳንዱ እግር የተቃጠለ የመኪና ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቆማል። ከግድግዳው ወደ ዶሮዋ የሚወስድ መንገድ የለም። በሳምንት አንዴ ጣውላውን አውጥቶ የፈላ ውሃ ይደፋበታል። ይህን ሳነብ የእኔው ቆጥ ጥፋት ባይገኝበትም ልጡን አስላጥኩት። 10ኛው ነጭ ጋዝ ቢቀባ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሁለት ሰው ተቀበለው፣ ጭድና ሰጋቱራ ባለበት ቤት ነጭ ጋዝ ማን ያስገባል፣ ሽታውም እንቁላሉ ውስጥ ይገባል ብለው።

ከ11 እስከ 13 ስለ እንዶድ ነው። አንዲት እናት የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በውሃው ዶሮዎቻቸውን እንደሚያጥቡ ጻፉ። ቀጣዩ ሰው ይህን ሰበብ አድርጎ ስለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ረጅም ነገር አወጋን፦ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸውን፣ የብልሃርዝያ ምርምራቸው ከዚያ መጀመሩን፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውን። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት፤ ቅንቅኑን ለአምስት ደቂቃ ረሳሁት። 13ኛው ግን በትሕትና አስታወሰን። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ቅንቅን ይገድላል ማለት አይደለም፤ ዓሣ የሚፈጅ ነገር ስለሆነም የታጠበበትን ውሃ ወደ ወንዝ ከመድፋት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል። እናቲቱ ታዲያ ዶሮዎቼ ንጹሕ ናቸው ብለው በአንድ መስመር ዘጉት።

14ኛዋ የሰንዳፋ ሴት ናት። አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ የቦቫንሶቹ ጫፍ ተቆርጧል ወይ? ጫፍ ማለቷ የአፋቸው ጫፍ ነው። ወጥቼ አየሁ። የዘጠኙም ከላይ ያለው ጫፍ ተቆርጦ ዱልዱም ነው፤ ስገዛቸው እንዲሁ ነበሩ፣ እንዳይናከሱ ተብሎ ነው። የሐበሻዎቹ ሹል ነው። ዶሮ ላባዋን የምትፈትሸው፣ ጠላቷንም የምታወጣው በአፏ ጫፍ ነው። ጫፉ የሌላት ዶሮ መርፌ አስቀምጦ በአውራ ጣት እሾህ እንደሚያወጣ ሰው ናት። 15ኛው ላይ ሐኪሙ አረጋገጡት፦ አፋቸው የተቆረጠ ዶሮዎች የላባው ቅንቅን በጣም እንደሚበዛባቸው የታወቀ ነው፣ አውራዎች ላይም ከሴቶቹ ይልቅ ይበረታል።

አመዱ ያልሠራውም በዚህ ነው። መንከባለል መከላከያ ነው። ቅንቅን ጥቂት ሲሆን፣ ዶሮዋም አፏ ሙሉ ሲሆን ይበቃል። ቆዳዋ ቆስሎ ቅርፊት ካወጣ በኋላ ግን ከላይ የተነሰነሰ አመድ ከላባው ሥር አይደርስም። ሐኪሙ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ጠቅሰው ነበር፤ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ሳጥን ውስጥ የድኝ ዱቄት ሲጨመር ቅንቅኑ እየጠፋ ሄደ። ሳጥኑ ውስጥ የማይገቡት ዶሮዎች ላይ የነበረው እንኳ ሳይቀር ጠፋ።

ሕክምናውን እንዲህ ዘረዘሩት። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ፐርሜትሪን ያለበትና ለዶሮ ተብሎ የተጻፈበት መድኃኒት ይገዛል፤ የከብቱ አይሆንም። መጠኑ ማሸጊያው ላይ ያለው ነው፣ የማንም ክዳን አይደለም (የሰበታውን ሰው በስም አልጠሩትም)። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ይደረጋል። ፀሐይ ባለበት ጠዋት ይሁን፣ በዚህ በለገጣፎ ብርድ ማታ የረጠበች ዶሮ ሌላ በሽታ ታመጣለችና። ላባውን ወደ ኋላ እየገለጡ፣ ከጅራት ሥር፣ ከክንፍ ሥርና ከሆድ፣ ቆዳው እስኪርስ ይረጫል። ፊት አይነካም። ንጹሕ የሚመስሉትም አይቀሩም፤ 14ቱም በአንድ ቀን። ጉዝጓዙ ተጠርጎ ወጥቶ ይቃጠላል፣ የእንቁላል መጣያው ጭድም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ከዶሮዋ የወደቀው ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ከ7 ቀን በኋላ ይደገማል። መድኃኒቱ የቅንቅኑን እንቁላል አይገድልም፤ ብዙ ሰው አንዴ ረጭቶ አልሠራም የሚለው በዚህ ነው። ድመት ያለው ሰው ድመቱን እስኪደርቅ ያርቅ፤ ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው። የመጨረሻዋን ሳያነሡ ቢቀሩ ኖሮ የእኛ ድመት ቡሬ ዛሬ አትኖርም ነበር፤ የምትተኛው ዶሮ ቤቱ በር ላይ ነው።

16ኛውና 17ኛው ስለ እንቁላሉ ነው። ቅንቅን ያለባት ዶሮ እንቁላል ታጥቦ ቢበላ ችግር የለውም። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ግን ማሸጊያው የሚለውን ቀን መጠበቅ ግድ ነው። አንዲት ብልህ ሴት ታዲያ ዶሮ ለማከም ከዐቢይ ጾም የተሻለ ወቅት የለም አለች፤ ደንበኛው ጾመኛ ነው፣ የተደፋው እንቁላል ብዙም አያንገበግብም፣ ለፋሲካ ዶሮዎቹ ይደርሳሉ። እውነቷን ነው። የእኔ ግማሽ ደንበኞች ሙስሊሞች ስለሆኑ ግን እኔን ትንሽ አንገብግቦኛል።

18ኛው አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት በመርፌ መውጋት ይሻላል አለ፤ የከብቱን። 19ኛዋ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ ያለች ልጅ ሒሳቡን ሠራችለት። የከብቱ 1 በመቶ ነው፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም። በከብቱ ልክ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ቢታሰብ 2 ኪሎ ለምትመዝን ዶሮ 0.04 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህ አንድ ጠብታ እንኳ አይሞላም። በተለመደው መርፌ ይህን ማን ይለካል? ለምትጥል ዶሮ ደግሞ አይመከርም፣ መድኃኒቱ በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ለቀናት ይወጣልና። 20ኛው ለውሻ ቁንጫ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው ፊፕሮኒል እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። 21ኛው በቤልጂየም የሚኖር ወንድም ነው፤ ለዚህ ነገር ከእሱ የተሻለ ሰው አይገኝም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. እዚያና ሆላንድ ውስጥ የዶሮ ቤት የሚያጸዱ ሰዎች ለቆጡ ቅንቅን ከሚረጩት ነገር ጋር ፊፕሮኒል ቀላቅለው ተገኙ። ለምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ የተከለከለ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከሱቅ ተነሣ፣ ነገሩ ከ40 በላይ አገሮች ደረሰ። እሱ ራሱ ያን ሰሞን ሱፐርማርኬት ገብቶ የእንቁላሉ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ አይቷል። በዚያው ዓመት ፍሉራላነር የሚባል በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ፣ በ7 ቀን ልዩነት ሁለቴ የሚደገም መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ ተፈቀደ፤ እንቁላሉም መደፋት የለበትም። ስንት ይሸጣል ብለው ሦስት ሰዎች ጠየቁት፤ ዋጋውን ሲነግራቸው ወደ አመዳቸው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። 22ኛው ሐኪሙን ነጋዴ አላቸው፤ ሰውን ከአያቶቹ መድኃኒት አውጥተው ወደ ሱቅ የሚነዱ ናቸው ብሎ። 23ኛው የቡራዩዋ እህት ናት፤ እሷ የምትሳደበውን እኔ እዚህ አልደግመውም። 24ኛው ላይ የገጹ ኃላፊ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፣ የተወሰነውንም አጠፋ። ሐኪሙ አንድም ጊዜ የሱቅ ስም አልጠሩም፤ ይህን ለራሴ ተመልሼ አረጋግጫለሁ።

ከ25 እስከ 30 ከርዕሱ ወጣን። አንዲት የኮዬ ፈጬ ነዋሪ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ስድስት ዶሮ እንዳላት ጽፋ ስለ ቅንቅን ምክር ጠየቀች። ምክር የሰጣት የለም። ከሥሯ የሚኖሩ ሰዎችን አስበሻል ወይ የሚሉ መጡ፤ አውራው በሌሊት ሲጮህ ሕንጻው በሙሉ ይነሣል አሉ። እሷም አውራ የለኝም፣ ጎረቤቶቼ እንቁላሌን ይገዙኛል ብላ ተከራከረች። ሌላው የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ስለ በረንዳ ማን አሰበ ብሎ ጣልቃ ገባ። ከዚያ ስለ መኖ ዋጋ ሆነ፤ ስለ መኖ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይስማማል። የሰበታው ሰው የተመለሰው እዚህ ላይ ነው፣ በጣም ሰላማዊ ሆኖ፤ ፉርኖ ፋብሪካ አካባቢ ፉሩሽካ ከየት እንደሚገዛ ነገረን።

31ኛው የዶሮ እግር ፎቶ ነው፤ ቅርፊቱ ተነሥቶ ኖራ እንደ ተቀባ ሻክሯል። ሐኪሙ ያ ሌላ ቅንቅን መሆኑን፣ እግር ቆዳ ውስጥ እንደሚቆፍር፣ እግሩን በሳሙናና በለብታ ውሃ አጥቦ ቫሲሊን ለጥቂት ሳምንታት መቀባት እንደሚረዳ መለሱ። ቅርፊቱን በግድ መላጥ ክልክል ነው፣ ይደማል።

32ኛዋ እናት ልጇ እጁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ስለወጣበት ፈርታለች። ይነክሳል፣ ያሳክካል፣ ሰው ላይ ግን መኖሪያ አይሠራም፤ ገላ መታጠብና ልብስ መቀየር ይበቃል ተባለች። 33ኛው ከየት መጣብኝ ለሚለው ጥያቄዬ መልስ ሰጠ። ከቆርቆሮው ሥር ድንቢጥ ጎጆ ካለ አንዱ በር እሱ ነው፣ ከሌላ ቤት የመጣ የእንቁላል ትሪም ሌላው ነው። ልጄን መሰላል አስወጣሁት፤ ሦስት ጎጆ አወረደ፣ ሁለቱ ባዶ ነበሩ፣ አንዱ ሙሉ ቁንዶ በርበሬ ነው። 34ኛው የመድኃኒት መርጫ ከጎረቤቱ ለምኖ የተከለከለ ሰው ነው። ቅንቅናም ቢባልስ ያንስበታል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በዚህ ክር ላይ 60 ሰው የሳቀበት ብቸኛው መልስ እሱ ነው።

35ኛው እንደገና እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት 14ቱንም ረጨኋቸው፤ አውራውን ለመያዝ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፣ የደረቀውንም ላባ በመቀስ አነሣሁለት። ማግሥቱን ወለሉ ላይ ብዙ የሞተ አየሁ። በአምስተኛው ቀን ማታ ላባ ስከፍት እንደገና ጥቂት ትናንሾች ነበሩ፤ ልቤ ወደቀ፣ ኋላ ግን የተባለው ይኸው መሆኑን አስታወስኩ። በ7ኛው ቀን ደገምኩት። ከዚያ በኋላ በሦስት ማታ ፍተሻ ከዘጠኙ ቦቫንሶች ላይ ምንም አላገኘሁም። እንቁላሉ 6 ደርሷል። 8 ገና አልሆነም፤ የቆሰለው ቆዳቸው ሳይሽር አልጠብቅም። የሱሉልታው ጋሼ 36ኛ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው፣ አሁን ጎማውን አዘጋጂላቸው አሉ። አዘጋጅቻለሁ፣ በእንጨት አመድ ብቻ።

37ኛው ላይ የአያት ሰፈሯ እህት ከአጥር ማዶ ያሉ ዶሮዎችን አየሽ ወይ አለችኝ። ጎረቤቴ እትዬ ሰባት ዶሮ አላቸው፣ ቀን ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ከእኔዎቹ ጋር አብረው ይጭራሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። የእኔ ዶሮ ቅንቅን አያውቀውም አሉ፣ ትንሽም ተቀየሙ፤ ቡናውን ግን አልከለከሉኝም። 38ኛው ለፋሲካ ቀይ አውራ የሚፈልግ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ሄዷል።

እትዬ ትናንት ሁለተኛውን ቡና እየቀዱልኝ፣ እንግዲያስ ማታ ነይና ራስሽ እዪ አሉኝ። ልጄ አልሄድም ብሏል። ስልኬ ቻርጅ እየተደረገ ነው፣ ሶፍቱን ይዣለሁ።